እማዬ ያልከፈተችው ውሃ

ቶሮንቶ፣ ግንቦት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም ሀሊማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺ፣ ባለቤትሽ አደም፣ ልጆቹ፣ የጂዳ ጎረቤቶችሽ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። ታክሲው የሌሊት ሺፍት ነው፤ ሌሊት ስነዳ ቀን ስተኛ ብዕር የማነሳበት ሰዓት ይጠፋኛል። ይህም ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ።

እማዬ በደህና ገብታለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ባለቤቴ መኪያና ሁለቱ ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ። እማዬ ልጆቹን እንዳቀፈች ሻንጣዋን እንኳ ረስታው፣ እየተሽከረከረ በፊታችን ሁለት ጊዜ አልፎ ነው ያነሳሁት። የላክሽው ተምር ደርሷል። ለመኪያ የሰፋሽላት ቀሚስም ልኳ ሆኗል፤ ግን በቅርቡ ሊጠባት ነው፤ እንግዲህ እንደገባሽ ይግባሽ።

የት ነው የምትተኛው ላልሽኝ፣ አታስቢ። እንደምታውቂው ከሴንት ጄምስ ታውኑ ፎቅ ለቀን ስካርቦሮ የአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለውን ወለል፣ ተከራይተናል። መኝታ ክፍሉ አንድ ነው፤ ልጆቹ የሚተኙት ሳሎን ነው። ስለዚህ ለእማዬ የራሷ የሆነ ነገር አዘጋጀሁላት። እዚህ አገር ሰው ለሽርሽር የሚገዛው ሞተርሆም የሚባል ነገር አለ። መኪናም ነው፣ ቤትም ነው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው፤ መስኮቱም በሁለት ወገን ነው። ዌስተን ካለ ጋራዥ አሮጌውን ገዝቼ ግቢያችን ውስጥ፣ ከመኝታ ቤታችን መስኮት አጠገብ አቆምኩት። የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ አላት። ስታየው «ንግሥት አደረግከኝ እኮ» ብላ መረቀችኝ።

መቼስ መኪያን ታውቂያታለሽ። ቤቱ ይጠባታል፤ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ሰው መብዛቱ አይመቻትም። ሁሉንም የሚያስማማ ነገር ይሄ ሆኖ አገኘሁት።

ረመዷን ደጃፍ ላይ ነው፤ በዱዓሽ አትርሺን።

ወንድምሽ ጀላል

---

ጂዳ፣ ግንቦት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀላል፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ጾሙን አላህ ይቀበላችሁ። ደብዳቤህን አንዴ በደስታ አነበብኩት፤ ደግሜ ሳነበው ግን ደስታዬ ቀነሰ።

መኪናም ነው ቤትም ነው ያልከው ነገር አልገባኝም። ጎማ አለው ማለት ነው? እናታችን የምትተኛው ጎማ ላይ ነው? ልቆጣህ ብዬ አይደለም፤ የሰው አገር ወጉ ሌላ ነው፣ አንተ ታውቃለህ። ግን ጠይቄ ካልመለስክልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሌላው ነገር ይሄ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከሱቁ ስልክ ስደውል እማዬን አቀረብክልኝ። ድምፅዋ ደርቋል፤ ጾም ነው ብዬ ተውኩት። አንተ ፈንጠር ስትል መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሀሊማ፣ አደምን ጠይቂልኝ። ሰው ላለማስቸገር ተብሎ በተየሙም መስገድ ይፈቀዳል ወይ?» አለችኝ። «ምነው እማዬ?» ስላት «እንዲያው ለማወቅ ነው» ብላ ወሬ ለወጠች። ተየሙም እኮ ውሃ ያጣ መንገደኛ በአፈር የሚያደርገው ነው። አደምን ብጠይቀው ግራ ገብቶት «ካናዳ ውሃ የለም እንዴ?» አለኝ። እኔም ያንኑ እጠይቅሃለሁ።

እናታችንን ታውቃታለህ። ደሴ ሳለን ጥርሷን ሲያማት፣ ጉንጯ አብጦ እስኪታይ ለማን ተናገረች? እሷን ሰው ጠይቆ አይደለም የሚያውቃት፤ አይቶ ነው። አይተሃታል ወይ ጀሉ?

አንድ ያልነገርኩህን ልንገርህ። እዚህ መካ ዑምራዋን ስትጨርስ ወደ ደሴ ልመለስ ብላኝ ነበር። አገሩ በድርቅ እንዲያ ሆኖ እንዴት ብዬ ልልቀቃት? «ጀላል ጋ ሂጂ፤ ወንድ ልጅሽ ነው፣ ቤት አለው» ብዬ ያባበልኳት እኔ ነኝ። «ሸክም አታድርጊኝ» አለችኝ። «ማን ይሸከምሻል፣ ደስ ይለዋል እንጂ» አልኳት። ይሄን ቃል ያልኩት በአንተ ስም ነው። እንዳታሳፍረኝ።

እህትህ ሀሊማ

---

ቶሮንቶ፣ ሰኔ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም፣

ዒድ ሙባረክ። የዒዱ ዕለት ስትደውዪ እማዬን ሳላገናኝሽ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ተኝታ ነበር፤ መቀስቀሱ ከበደኝ። ትንሽ ደክሟት ሰንብቷል። እዚህ በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ለእርጅና ረጅም ጾም ነው። አሁን ተሽሏታል። ለልጆቹ የዒዲያ ስጦታ ሰጥታ፣ ለአንቺም ዱዓ አድርጋለች።

ጎማውን በሚመለከት፣ አዎ አለው። ግን አይንቀሳቀስም፤ ከሥሩ እንጨት ደግፌለታለሁ።

የተየሙሙ ጥያቄ ግን ራሴን አሳመመኝ። መልሱን እንደሆነው ልጻፍልሽ። ውሃ አለ። ችግሩ ውሃው አይደለም፣ ፓምፑ ነው። ሞተርሆሙ የራሱ የውሃ ታንክ አለው፤ እኔ እሞላዋለሁ። ቧንቧው ሲከፈት ትንሽ የባትሪ ፓምፕ ይነሳና ውሃውን ይገፋል። የሽንት ቤቱም ውሃ በዚያው ነው። ከቤቱ ቧንቧ በረጅም የውሃ ጎማ ባያይዘው ፓምፑ ባላስፈለገ፤ የቤቱ ባለቤት ግን ሰው ያደናቅፋል ብሎ ጎማ በመተላለፊያው እንዳይዘረጋ ከልክሏል። ይሄ ፓምፕ ሲነሳ ደግሞ ድምፁን አትጠይቂኝ። እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ነው። መኝታ ቤታችን መስኮት አጠገብ ስለሆነ በጆሮዬ ውስጥ የሚዞር ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ገና ጋደም ከማለቴ እማዬ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ተነሳች፤ ፓምፑም ተነሳ። ወጥቼ በሩን ከፈትኩና «እማዬ፣ በዚህ ሰዓት ውሃውን ባትከፍቺው ምናለ? እኔ እኮ መተኛት አለብኝ» አልኳት። ያልኩት ይሄን ብቻ ነው። አልጮኽኩባትም። ፊቷ እንደረጠበ ነበር። «እሺ ልጄ፣ አላወቅኩም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ፓምፑ ማለዳ ተነስቶ አያውቅም። ገባት ብዬ ደስ አለኝ። ስትሰግድ በምን እንደምትታጠብ አልጠየቅኩም። ለሱብሂ የምትነሳው እሷ፣ የምቆጣው እኔ፤ እንዲህ ሆኜ ነው የቆየሁልሽ።

አሁን ግን ፓምፑን ልሠራው ቆርጫለሁ። ሞተርሆሙን የገዛሁበት ጋራዥ አምሃ የሚባል የጎንደር ልጅ መካኒክ አለ፤ እንረዳዳለን ብሎኛል። ድምፁን ካጠፋሁት እማዬ በፈለገችው ሰዓት ትከፍተዋለች፤ ነገሩም ያበቃል። አንቺም አትጨነቂ።

ጀላል

---

ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሐኪም አይቷታል ወይ ላልሽው፣ አይቷታል፤ መድኃኒትም ሰጥቷታል፣ አሁን ደህና ናት። ሌላውን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። ዛሬ የምሥራች አለኝ፤ ፓምፑ ዝም ብሏል!

እሑድ እሑድ ስንሠራው ሰነበትን። አምሃ ከቸርች እንደወጣ ሱፉን አውልቆ ቱታውን ለብሶ ይመጣል። ፓምፑ ያለው እማዬ አልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ከፍተን ስናየው ቁመቱ ከዳቦ አይበልጥም፤ ያን ሁሉ ጩኸት ከየት እንደሚያመጣው ገርሞኝ ሳየው አምሃ ሳቀብኝ። «ጩኸቱ የሱ አይደለም፣ የጣውላው ነው» አለኝ። ፓምፑ በስስ ጣውላ ላይ በብሎን ተጠርንፎ ታስሯል፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ ጣውላው እንደ ከበሮ ይቀበለዋል፤ ከፓምፑ የሚወጣው ደረቅ ቧንቧ ደግሞ ግድግዳውን ይደበድባል። ወፍጮ የመሰለኝ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ፓምፑን ነቅለን ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍንለት፤ ብሎኑንም ላላ አድርገን አሰርነው። ወደ ፓምፑ የሚገባውንና ከሱ የሚወጣውን ደረቅ ቧንቧ ቆርጠን በሚተጣጠፍ ጎማ ተካነው። ቧንቧው ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ስፖንጅ ጠቀለልንበት፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ በባትሪ መብራት እየፈለግኩ፣ አምሃ ከላይ እያቀበለኝ። የመጀመሪያው ቀን የጎማው መጋጠሚያ አፈተለከና የእማዬን ምንጣፍ አራሰው። እሷ ግን ተቆጣች መሰለሽ? ጨርቅ ይዛ ከኋላችን ትወለውላለች፣ «አይዟችሁ፣ ውሃ ነው፣ ይደርቃል» ትለናለች።

ከሁሉ የሚደንቀው መጨረሻ ላይ የጨመርነው ነገር ነው። ሐብሐብ የምታህል ትንሽ ታንክ ናት። ውስጧ በላስቲክ ለሁለት ተከፍሏል፤ ባንዱ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ውሃ ትይዛለች። አየሩ ውሃውን ራሱ ይገፋዋል። እማዬ እጇን ለመታጠብ ያህል ብትከፍት ፓምፑ ጭራሽ አይነሳም፤ ብዙ ስትከፍት ብቻ ነው የሚነሳው፣ እሱም እንደ ድመት እያንኮራፋ።

ስንጨርስ እማዬን ጠራናት። ቧንቧውን ከፍታ ቆም ብላ አዳመጠች። ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። «አላህ ይስጣችሁ፣ ለእኔ ብላችሁ ደከማችሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁን አይሰማህም አይደል?» አለችኝ። አይሰማኝም አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር እታለም፤ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንጣፉ ከመራሱ በፊት፣ አምሃ «ይሄን ያህል የምትደክምበት ልትሸጠው ነው ወይስ ለሽርሽር?» ብሎ ጠየቀኝ። እማዬ ያን ጊዜ ከልጆቹ ጋር ነበረች፤ አልጋው የማን እንደሆነ አላወቀም። «እናቴ ናት የምትኖርበት» አልኩት። መፍቻውን አቀበለኝና ዝም አለ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እስኪሄድ አልቀለደም።

ጀላል

---

ጂዳ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ጀላል፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ሰላሀዲን የሚባለው የሴንት ጄምስ ታውን ጎረቤታችሁ ሐጁን ጨርሶ አድራሻዬን ይዞ ቤቴ መጣ። ካንተ የመጣ ነው ብዬ ያለኝን አቀረብኩለት። ገና ሳይቀመጥ «እንኳን እናታችን ተረፉላችሁ» አለኝ።

«ከምኑ ተረፉ?» አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ። የማላውቅ መሆኔን ሲያይ ሊያስተባብል ሞከረ፤ እኔ ግን አልለቀቅኩትም። ረመዷን መጨረሻ ላይ እናታችን ራሷን ስታ እንደወደቀች፣ በአምቡላንስ እንደተወሰደች፣ ዒድን ሐኪም ቤት እንደዋለች፣ እሱም እዚያው ሄዶ እንደጠየቃት ነገረኝ። ኩላሊቷ ታሞ ነው አለኝ። አሁንም የምትተኛው መኪናው ውስጥ ነው አለኝ። «ተኝታ ነበር» ብለህ ጻፍክልኝ። አዎ ተኝታ ነበር፤ የት እንደተኛች ነው ያልነገርከኝ።

ስለ ላስቲክ ጻፍክልኝ፣ ስለ ስፖንጅ ጻፍክልኝ። ደብዳቤህን ለአደም ሳነብለት «ጎበዝ ነው ወንድምሽ» ብሎ ነበር፤ እኔም ኮርቼብህ ነበር። እኔ የጠየቅኩህ ግን ስለ ፓምፕ አልነበረም።

ትናንት ደውዬ ነበር። ሚስትህ አነሳች። አንተ ቤቱ ይጠባታል፣ ሰው አይመቻትም ብለህ ጽፈህልኝ ስለነበር የቋጠርኩትን ሁሉ አወረድኩባት። አሁን ሳስበው አፌ ይቃጠላል፤ ግን ብያለሁ። እናቴን ውጭ አሳደርሻት፣ ላንቺ ስትል ደረቀች፣ አላህ ይፈርዳል አልኳት። ከ«እሺ» በቀር አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ጥፋተኛ ባትሆን ትመልስልኝ ነበር።

እናቴን ከቤቴ አውጥቼ አንተ ጋ የላክኋት እኔ ነኝ። እሷ ደሴን ነበር የመረጠችው። ይሄን ተሸክሜ ነው የማድረው። አንተ ደግሞ የድርሻህን ንገረኝ፤ እንደ ሰላሀዲን ሳይሆን እንደ ወንድሜ።

ሀሊማ

---

ቶሮንቶ፣ መስከረም 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታለም፣

ይሄን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ የምትፈርጂብኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

መኪያ ምንም አላጠፋችም። ቤቱ የሚጠበው ለእሷ አይደለም። እማዬ ከመምጣቷ በፊት «እማማ ሳሎን ከልጆቹ ጋር ይተኛሉ፤ ልጆቹም ይለምዷቸዋል» ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀን የምተኛ ሰው ነኝ፤ እማዬ ስትንጎራደድ፣ ቁርኣን ስትቀራ፣ ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ እንዴት እተኛለሁ ብዬ ፈራሁ። ሞተርሆሙን ያሰብኩትም፣ የገዛሁትም እኔ ነኝ። ለአንቺ ስጽፍ ግን እንዲያ ብዬ መጻፍ አፈርኩና በመኪያ አሳበብኩ። አንድ መስመር ነው የጻፍኩት፤ ይሄን ያህል ርቆ ይሄዳል አላልኩም።

ሐኪም ቤት የሆነውን ልንገርሽ። ሐኪሙ መጥቶ እማዬ ውሃ ትጠጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ። የምታስተረጉመው መኪያ ነበረች። እማዬ «ጾም ላይ ነበርኩ» አለች። «ካፈጠሩ በኋላስ? ሊነጋ ሲልስ?» አላት። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለመኪያ ብቻ እንደሚነገር አድርጋ «ብዙ ከጠጣሁ ቀን ሽንት ቤት ያስኬደኛል፤ ውሃው ሲለቀቅ ደግሞ ይጮኻል። ልጄ ቀን ሙሉ አይተኛም፣ ሌሊት ሙሉ ይነዳል» አለች። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። እማዬ ወደ እኔ አላየችም። መኪያም አላየችም። ለሐኪሙ «እየረሱት ነው አሉ» ብላ ተረጎመችለት።

ከሐኪም ቤት ስናወጣት መኪያ «ከእንግዲህ ቤት ነው የሚተኙት» አለች። እኔ «ፓምፑን እሠራዋለሁ» አልኩ። አየሽ? ያን ሁሉ እሑድ በሆዴ ተኝቼ የሠራሁት፣ እናቴን ቤቴ ላለማስገባት ነው። አምሃ ዝም ሲል ገብቶኝ ነበር፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ።

አንቺ የደወልሽ ቀን ተኝቼ አልነበረም። ስልኩ ሲጮኽ ነቅቼ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ነበር። መኪያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ድምፅሽ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ያልሻትን ሁሉ ሰማሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ስልኩን ብቀበላት ነገሩ ያበቃ ነበር። መኪያ «እሺ እትዬ ሀሊማ» ብላ ዘጋችና ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ተመልሼ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። ማታ ስነሳም ማን ደወለ ብዬ አልጠየቅኩም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እማዬ ጋ ገባሁ። «እማዬ፣ ዕቃሽን ወደ ቤት ላስገባ፤ ከልጆቹ ጋር ትተኛለሽ» አልኳት።

«አንተስ ቀን የት ትተኛለህ?»

«እዚሁ። በሌላ ቀን ሳይሆን ዛሬ እንለዋወጥ።»

«መኪና ውስጥ?» አለችኝ። «የሰው ጌታ የሆንክ ልጅ? ሰው ቢያይህ ምን ይላል?» ብላ እንባዋ መጣ። ለራሷ አንድ ቀን ያላለቀሰችው ሴት፣ እኔ ስተኛበት ውርደት ሆኖ ታያት። እታለም፣ እኔም ስገዛው ጊዜ «ራስህ ለምን አትተኛበትም?» ብሎ ልቤ ጠይቆኝ ነበር። ሰው መኪና ውስጥ ተኝቼ ካየኝ ምን ይለኛል ብዬ አፍሬ ተውኩት። ለእኔ አፍሬ ነበር፤ ለእሷ አላፈርኩም።

ያን ዕለት ዕቃዋን አስገባሁ። ልጆቹ በማን አጠገብ ትተኛለች ብለው ተጣሉ፤ በመጨረሻ መሀላቸው ተኛች። እኔ አሁን ቀን ቀን ሞተርሆሙ ውስጥ እተኛለሁ። ጸጥ ያለ ነው።

ስንለዋወጥ ጉልበቷን ይዤ «አፉ በይኝ» አልኳት። «አፉ ብዬሃለሁ፤ ድሮም አልያዝኩብህም» አለችኝ። መኪያን ግን እስካሁን አላናገርኳትም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

ጀላል

---

ጂዳ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀላል፣

ደብዳቤህን ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እዚያው ስልኩን አነሳሁ።

መኪያ ድምፄን ስትሰማ «አቤት እትዬ ሀሊማ» አለችኝ፤ አቤት ያለችበት ድምፅ ሌላ ስድብ ይዤ እንደመጣሁ የጠበቀች ሰው ድምፅ ነው። አፈርኩ። «ልሳደብ አይደለም፣ አፉ በይኝ ልልሽ ነው» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ ወይ?» ስላት ታለቅሳለች። «ለእናትሽ ብለሽ ነው፤ እኔም ለእናቴ ቢሆን ከዚያ የከፋ እል ነበር» አለችኝ። ይቅርታ እየለመንኳት እሷ እኔን ስታጽናና ስልኩን ዘጋን።

ከዚያ እማዬ መጣች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ሆኗል። ልጆቹ ጭንቅላቷ ላይ ሲጮኹ ይሰማል። ወደ ደሴ ልመለስ የሚለውን ነገር አነሳሁባት። «መኪያ እስክትወልድ የትም አልሄድም፤ ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል። ግን ሀሊማ፣ ሌላ ጊዜ ስትልኪኝ አፌን አይተሽ ሳይሆን ሆዴን አይተሽ ላኪኝ» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ስቄ አላውቅም። አንተም ታውቃለህ፤ እናታችን ስትቆጣ እንደዚያ ነው የምትቆጣው።

አንድ ነገር ለመኪያ አልነገርኳትም። በእሷ አሳብበህ እንደጻፍክልኝ። ያን እንድነግራት አትጠብቅ። በስልክ አይነገርም፣ እህትም አትነግራትም፤ ያንተ ነው። እማዬ አፉ ብላሃለች፣ እናት ናት፣ አፉ ማለት አይከብዳትም። ሚስትህን ግን መጠየቅ አለብህ፤ ስትጠይቃትም ሰበብ አትጨምርበት።

ሀሊማ

---

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

እታለም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለአደምና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳያፈነዳው ብዬ ሞተርሆሙን አድርቄዋለሁ። ክረምቱን እዚያ መተኛት ስለማይቻል ታክሲው ላይ የቀን ሺፍት ጠየቅኩ፤ ከኅዳር ጀምሮ ፈቅደውልኛል። ገቢው ያነሰ ነው። ግን ሰው በሚተኛበት ሰዓት እተኛለሁ። ይሄን ቀድሞ መጠየቅ ይቻል ነበር ወይ ብትዪኝ፣ ይቻል ነበር። አልጠየቅኩም።

እማዬ ደህና ናት። ሐኪሙ ባለፈው አይቷት ኩላሊቷ ድኗል ብሏል። መኪያ ለመውለድ ተቃርባለች። ከእማዬ ጋር ሆነው ሳሎኑን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለውታል፤ ባንዱ ወገን ልጆቹ፣ በሌላው እማዬ። መጋረጃው ግን የተዘጋበትን ቀን አላየሁም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ዛሬ ነገ ስል ሰነበትኩ። መኪያ ምሳዬን ከትልቋ ልጅ ጋር ወደ ሞተርሆሙ ትልክልኛለች፤ እሷ ግን ብቅ አትልም። ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ የምጠይቃትን ትመልስልኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለንም። ትናንት ምሳውን ራሷ ይዛ መጣች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል «ተቀመጪ እስቲ» አልኳት። ሆዷን ደገፍ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሀሊማ ያን ቀን የተቆጣችሽ በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት። «እማዬን ውጭ ያደረግኳት እኔ ሆኜ፣ አንቺ እንደሆንሽ አድርጌ ነው የጻፍኩላት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ሀሊማ ነገረችሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እትዬ ሀሊማ ስታወርድብኝ ከየት እንዳመጣችው ገባኝ። ደግሞ በር ላይ ቆመህ ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ጨለማ ግድግዳ ስለሚገጥመው መብራት ሲበራ እንደ መስታወት ያሳያል። ፊት ለፊቴ ነበርክ።»

«አይተሽኝ ነው ታዲያ ዝም ያልሽው?»

«ትናገራለህ ብዬ እየጠበቅኩህ ነበር» አለችኝ።

ቁጣ የለበትም እታለም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። አፉ በይኝ አልኳት፤ ሰበብ አልጨመርኩም። ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመችና «ማታ አብረን እንበላለን፤ እማማና ልጆቹ ባሉበት ደግመህ ትለዋለህ» አለችኝ።

ትናንት ማታ ፈራሁና ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ግን ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ገበታው ቀርቧል፤ ትንሿ ልጅ «አባዬ ና» ብላ በሩን እየደበደበች ነው። ልገባ ነው።

ወንድምሽ ጀላል